አርባ አንድ ሰከንድ

ከመስቀለኛው ጥግ፣ ከባንኩ ግንብ ሥር፣
ግራጫ ሣጥን አለ፣ በሁለት ቁልፍ የሚዘጋ፣ በአንድ ምስጢር።
ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ ምስጢሩም እኔ ጋ፤
መንገደኛው ሁሉ “መብራት ኃይል ነህ ወይ? ዛሬስ አይጠፋም?” ይለኛል ሲጠጋ።
አይደለሁም እላለሁ። እኔ ሰከንድ አዳይ ነኝ፤
ለቀዩ፣ ለአረንጓዴው፣ ለሦስት ሰከንዷ ቢጫ
በልክ እንዳከፋፍል ከተማው የቀጠረኝ።

ከአስፋልቱ ሆድ ውስጥ የመዳብ ቀለበት ቀብሬያለሁ፤
ብረት በላዩ ሲያልፍ፣ ሣጥኑ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብልጭ ስትል አያለሁ።
ባጃጅ ይቆጥራል፤ ሲኖ ይቆጥራል፤ የሊሙን አውቶቡስ ይቆጥራል፤
ሰው በእግሩ ሲመጣ ግን፣ ሰውየውን ከነጥላው “የለም” ብሎ ያልፋል።

ከሣጥኑ በፊት ሳጅን ዘምዘም አባመጫ ነበረች፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአንዲት ክብ ድንጋይ ላይ፣
ፊሽካዋን ጥርሷ ላይ ተክላ የኖረች።
ማን ከየት እንደመጣ በጡሩንባው ታውቃለች፤
“ያ የመንደራው ልጅ ነው፣ ሚስቱ ምጥ ላይ ናት፣ ይለፍ!” ትላለች፤
“ያኛው ዝም ብሎ ነው፣ ይቁም!” ትላለች።

መብራቱ የበራ ዕለት ልጆች ከትምህርት ቤት ፎርፈው መጡ፤
ለቀዩ አጨበጨቡ፤ ለአረንጓዴው አጨበጨቡ፤
ለቢጫው የሚሉትን አጡ።
ባጃጆቹ አላጨበጨቡም። ነዚፍ የሚሉት
“ቀዩ ለባለ አራት እግር ነው፤ እኛ ሦስት ነን” አለና ነዳ፤
አሥራ አንዱ ከኋላው ተከተሉት።

ለእግረኛ ስንት? ኪቶ ያስተማሩኝ ቀመር አለ፤
የመንገዱን ስፋት ለእርምጃ ፍጥነት አካፍል፤
አሥራ ስምንት ሰከንድ። አካፈልኩ። ልክ ሆነ። ማንም ስህተት ነው አላለ።

ከዚያ አንድ ዓርብ። ሶላት አልቆ፣ ሰው ከመስጊድ ወጥቷል፤
ዝናቡም፣ የጅማ ዝናብ፣ ሳያስጠነቅቅ ወርዷል።
አባ ኦሊ፣ የሄርማታው ልብስ ሰፊ፣ ጉልበቱ የከዳው፣
ከዘራውን አስቀድሞ ገባ፤
እርምጃው እንደ ስፌቱ ነው፣ ጥብቅ፣ ያልተቻኮለ፤
አሥራ ስምንት ሞላ። እሱ ገና መሐል ሳለ
ሣጥኔ ፈረደበት፣
ቀይ ሆነበት።

ጡሩንባ። ጡሩንባ። የሲኖ ትንፋሽ ጀርባው ላይ።
ወደ ቢሮ የተዛወረችው ሳጅን ዘምዘም፣ ከሻይ ቤት በረንዳ ይህን ስታይ፣
ጃንጥላዋን ጣለች፤ ገባች። አረንጓዴውን መብራት
ትክ ብላ እያየች መዳፏን ዘረጋችበት።
ቆሙ። ሲኖው፣ አውቶቡሱ፣ ነዚፍም ከነሦስት እግሩ።
የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ፣ የሞተሮችም ማጉረምረሙ።
ስልኬን አውጥቼ ቆጠርኩ።
አርባ አንድ።

እየተንጠባጠበች መጣች፣ ከሣጥኑ ፊት ቆመች።
“አንተ ልጅ፣ ይሄ ዕቃህ ለእግረኛ ስንት ይቆጥራል?” አለች።
“አሥራ ስምንት።”
“የማንን እግር ለክተህ?”

መልስ አልነበረኝም። የማንንም አልለካሁም።

ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ሳምንት። መልሱ በማኅተም መጣ፦
“የተሽከርካሪ ፍሰት ስለሚያውክ ጥያቄዎ አልተፈቀደም።”
አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።
በዚያው ሌሊት፣ በባትሪ ብርሃን፣ ሁለቱን ቁልፍ ከፈትኩ፤
ዓርብ፣ ከሰባት እስከ ስምንት፣ አርባ አንድ ብዬ አስገባሁ።
ቁልፉን ደግሜ ስቆልፍ ጣቴን ቆነጠጠኝ። ወደ ቤቴ ገባሁ።

ዛሬ ነዚፍ አገኘኝ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣
“ስማ፣ ይሄ መብራትህ ዓርብ ዓርብ ምን ይሆናል?” አለ ተሰላችቶ።
“እርጥበት ነው” አልኩት።
ራሱን ነቀነቀ። አመነኝ። እርጥበቱን ያውቀዋል።
ከፊታችን አንድ ልጅ፣ መሐል አስፋልት ላይ፣
ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል።